ከቁጥር ወደ ጨረር፦ በሞተር የሚንቀሳቀስ የመድረክ መብራት እንዴት ይታዘዛል?



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ በሁለት የትምህርት ክፍሎች ድንበር ላይ የቆመ ነው። የትያትር ጥበባት ተማሪዎች የብርሃንን ትርጉም ያጠናሉ፤ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ ሞተርንና ሲግናልን ያጠናሉ። ከመድረክ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን እያዞረ የሚያበራው፣ በባለሙያዎቻችን አፍ «ሙቪንግ ሄድ» የሚባለው መሣሪያ ግን ሁለቱንም ዕውቀት በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በየአዳራሹ እናየዋለን፦ ተዋናዩ ቆሞ ይናገራል፤ ብርሃኑ ግን ከእርሱ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ባዶውን ወለል ያደምቃል። ተመልካቹ ያን ጊዜ የሚያጣው ጌጥ አይደለም፤ የሚናገረውን ሰው ፊት ነው።

የምከራከርበት ነጥብ አጭር ነው። ይህ መሣሪያ የት እንደሚያበራ አያውቅም። የሚያውቀው ሞተሩን ስንት እርምጃ እንዳስኬደው ብቻ ነው። ከመቆጣጠሪያ ኮንሶሉ ቁጥር ተነሥቶ ተዋናዩ ፊት እስኪደርስ ድረስ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ ይተረጎማል፦ ቁጥሩ ወደ እርምጃ፣ እርምጃው ወደ ማዕዘን፣ ማዕዘኑ ወደ ቦታ። በእያንዳንዱ ትርጉም ላይ ጥቂት ነገር ይጠፋል። ዛሬ የማደርገው ነገር ቢኖር የሚጠፋው ነገር የትና ስንት እንደሆነ መከታተል ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። መሣሪያው በአግድም ሲዞር ባለሙያው «ፓን» ይላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዘነብል «ቲልት» ይላል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። የአማርኛ አቻ መፍጠር የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን መሰላል ላይ ላለ ባልደረባው ከታች ሆኖ የሚጮኽ ሰው በዚያች ደቂቃ ቃል እንዲፈለስፍ ልንጠይቀው አይገባም።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ ላልፈው። ቀድሞ የመድረክ መብራት ማለት አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ አቅጣጫውን የሚያስተካክልለት፣ ብሎኑን አጥብቆ ከወረደ በኋላ እስከ ትርኢቱ ፍጻሜ የማይነቃነቅ ዕቃ ነበር። አሥር ቦታ ማብራት የፈለገ ሰው አሥር መብራት ይሰቅል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሾውኮ የተባለ የዳላስ፣ ቴክሳስ ኩባንያ ቫሪላይት ብሎ የሰየመውን ሥርዓት ከጄነሲስ የሙዚቃ ቡድን ጋር በባርሴሎና ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በፊትም በሞተር የሚዞሩ መብራቶች በየቦታው ተሞክረዋል፤ ነገር ግን ቀለሙ፣ ስፋቱ፣ ድምቀቱና አቅጣጫው በአንድነት በኮምፒውተር የሚታዘዝበት፣ በጉዞ ላይ የሚውል ሙሉ ሥርዓት ሆኖ መድረክን የቀየረው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው አርባ ዓመት በአብዛኛው የዚያ ሐሳብ ማሻሻያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ።

ኮንሶሉና መብራቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ዲኤምኤክስ 512 ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን በ1990 ተሻሽሏል፤ ዛሬም በኔትወርክ ገመድ በሚጓዙ አዳዲስ ሥርዓቶች ውስጥ ሳይቀር የሚጫነው ይኸው የቁጥር ቅደም ተከተል ነው። በአንድ ኬብል ላይ 512 ቻናሎች በተራ ይላካሉ፤ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይይዛል። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው። አንድ ቁጥር ከመነሻና ከማብቂያ ምልክቶቹ ጋር 11 ቢት ስለሆነ 44 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፤ መነሻውን ኮድ ጨምሮ 513 ቁጥሮች ተልከው ሲያልቁ ደግሞ ወደ 23 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ሙሉ መልእክት በሰከንድ ቢበዛ 44 ጊዜ ይደርሳል። ይህን 44 ቁጥር አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

ልብ ልትሉት የሚገባው ሌላ ባሕርይ ቋንቋው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ኮንሶሉ ይናገራል፤ መብራቱ ይሰማል። «ደርሻለሁ» ወይም «ቺንጋዬ ተበጥሷል» የሚል መልስ የለም። በኋላ የመጣ አርዲኤም የሚባል ተጨማሪ ደንብ መልስ እንዲኖር ፈቅዷል፤ ነገር ግን ዋነኛ አገልግሎቱ አድራሻ ለመስጠትና ጤንነትን ለመጠየቅ ነው፤ በትርኢት መካከል ጨረሩ የት እንዳረፈ አይናገርም። መልእክቱም ቢሳሳት የሚታረምበት መንገድ የለውም፤ የሚቀጥለው መልእክት ትክክል እስኪሆን መጠበቅ ነው። የኬብሉ መጨረሻ ላይ 120 ኦም መዝጊያ አለመኖሩ በብዙ አዳራሾች ውስጥ «መብራቱ ሰይጣን ገባበት» የሚባለውን መንቀጥቀጥ የሚፈጥረው ለዚህ ነው፤ ሲግናሉ ከኬብሉ ጫፍ ተንጸባርቆ ተመልሶ ራሱን ያበላሻል።

እንግዲህ አንድ ቻናል 256 ደረጃ ብቻ ካለው፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚዞሩትን 540 ዲግሪ ፓን በ255 ስናካፍለው እያንዳንዱ ደረጃ ከ2 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ተዋናዩ ከመብራቱ በአግድም 12 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ያ አንድ ደረጃ ወለሉ ላይ 44 ሳንቲሜትር ነው። ይህ ማለት የመብራት ባለሙያው ወይ ከተዋናዩ ግራ ወይ ከተዋናዩ ቀኝ እንጂ ተዋናዩን ራሱን መምረጥ ላይችል ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ቻናሎችን ማጣመር ነው፦ አንዱ ሸካራውን፣ ሌላው ረቂቁን ይይዛል። ሁለቱ ሲጣመሩ 65,536 ደረጃ ይሆናሉ፤ ያው 12 ሜትር ላይ አንዱ ደረጃ ከ2 ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። የቻናል ቁጠባ ብሎ ረቂቁን ቻናል የሚያጠፋ ሰው አጋጥሞኛል፤ ከአንድ መብራት ሁለት ቻናል ለማዳን የመብራቱን ዋጋ ግማሽ እንደ መጣል ነው።

የረቂቁ ቻናል ጥቅም ይበልጥ የሚታየው በዝግታ ነው። አንድ አዘጋጅ የጎሕ ብርሃን በ20 ሰከንድ ውስጥ 10 ዲግሪ ብቻ እንዲሄድለት ቢጠይቅ፣ በአንድ ቻናል የሚሠራው መብራት በዚያ ሁሉ ጊዜ አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ዘሎ ይጨርሳል። በሁለት ቻናል ግን ከ1,200 በላይ ጥቃቅን እርምጃ አለው፤ በሰከንድ ወደ 60 ማለት ነው። ያን ጊዜ ወሰን የሚሆነው የቀደመው 44 ነው፤ በየመልእክቱ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ ዓይንም ይህን እንደ ፍሰት ይቀበለዋል። በፍጥነት ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። በሰከንድ 200 ዲግሪ የሚዞር መብራት በሁለት መልእክቶች መካከል አራት ዲግሪ ተኩል ይጓዛል፤ ስለዚህ መካከሉን ራሱ መሙላት አለበት። ጥሩ መሣሪያ ከርካሹ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ መሙላት ነው፦ በለስላሳ ይነሣል፣ ይፈጥናል፣ ከመድረሱ በፊት ይለዝባል። ርካሹ የተባለው ቦታ ደርሶ ይደነግጣል፤ ጨረሩም ለአፍታ ይርገበገባል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሞተሩ አለ። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ስቴፐር ሞተር ነው፤ በአንድ ዙር 200 እርምጃ፣ ማለትም በእርምጃ 1.8 ዲግሪ የሚሄደው ዓይነት የተለመደ ነው። ጉልበቱን ለመጨመርና እርምጃውን ለማሳነስ በጥርሳም ቺንጋ ከትልቅ ዘዋሪ ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ ቺንጋው አሥር እጥፍ ቢቀንስ፣ እርምጃው 0.18 ዲግሪ ይሆናል፤ በእኛ 12 ሜትር ላይ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህም ስለማይበቃ የሞተሩ መንጃ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለውን ኤሌክትሪክ እያመጣጠነ እርምጃውን ወደ ማይክሮስቴፕ ይከፋፍለዋል፤ በ16 ቢከፍለው ከ2 ሚሊሜትር ጥቂት ወደሚበልጥ ርቀት ይወርዳል። ከቁጥሩ ጋር መመጣጠን የጀመረው ገና እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ማይክሮስቴፕ የቃል ኪዳን ያህል የጸና አይደለም። የላላ ቺንጋ፣ ያረጀ ኩሺኔታ፣ ወይም ከባዱ የሌንስ ክፍል ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ሞተሩን ከተባለው ቦታ ትንሽ ይጎትተዋል። ለዚህ ነው መብራቱ ወደ አንድ ቦታ ከግራ ሲመጣና ከቀኝ ሲመጣ በትክክል አንድ ነጥብ ላይ የማያርፈው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ወሳኝ ትዕይንቶችን ሲቀርጹ መብራቱ በትርኢቱ ጊዜ ከሚመጣበት አቅጣጫ አምጥተው የሚያስተካክሉት በአጉል እምነት አይደለም።

ስቴፐር ሞተር ሲነሣ የት እንዳለ አያውቅም። መሣሪያው ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ፓኑንና ቲልቱን እስከ መነሻ ሰንሰሩ ድረስ አዙሮ ዜሮውን ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቆጠራ ነው። የሰው ትከሻ ቢነካው ወይም መጋረጃ ቢይዘው ቆጠራው ይዛባል። ኢንኮደር የተገጠመለት መሣሪያ መዛባቱን አይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኢንኮደሩ ግን የሚያየው የራሱን አካል ብቻ ነው፤ መብራቱ የተንጠለጠለበት ብረት ቢወዛወዝ ምንም አያውቅም። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ራስ በኃይል ዞሮ ሲቆም ብረቱን ይገፋዋል፤ ብረቱ በአንድ ዲግሪ ቢጠመዘዝ 12 ሜትር ላይ ጨረሩ 21 ሳንቲሜትር ይስታል። ስለ ብረቱ ካነሣን ዘንድ፣ ከዋናው መያዣ ሌላ ሁለተኛ የብረት ገመድ ሳይታሰርለት ይህን ያህል ክብደት ከሰው ራስ በላይ መስቀል በማንኛውም ሰበብ የሚፈቀድ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሰናል፤ ጂኦሜትሪው ነው። ለትያትር ተማሪዎች በተለይ ይህን አደራ እላለሁ፤ ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አይዘልም።

መብራቱ የሚያውቀው ሁለት ማዕዘን ነው፤ መድረኩ ደግሞ ርዝመትና ወርድ ነው። አንድ ተዋናይ ከመብራቱ ትይዩ 6 ሜትር ፊት ለፊት በቀጥታ መስመር፣ ከግራ 6 ሜትር ተነሥቶ ወደ ቀኝ 6 ሜትር ይሄዳል እንበል። ባለሙያው መነሻውንና መድረሻውን ቀርጾ መካከሉን ለኮንሶሉ ይተዋል። በሁለቱም ጫፎች ቲልቱ እኩል ነው፤ የሚለያየው ፓኑ ብቻ ነው፦ ከ45 ዲግሪ ግራ ወደ 45 ዲግሪ ቀኝ። ኮንሶሉም ቲልቱን ሳይነካ ፓኑን ያዞራል። ውጤቱ መስመር አይደለም፤ የክብ ቅስት ነው። ተዋናዩ መሐል ሲደርስ 6 ሜትር ላይ አለ፤ ጨረሩ ግን 8 ሜትር ተኩል ላይ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል! ሞተሩ፣ ኬብሉና ቻናሉ ሁሉ እንከን የለሽ ቢሆኑ እንኳ ይህ ስሕተት አይቀርም፤ የትእዛዙ እንጂ የዕቃው ስሕተት አይደለምና። ወይ መካከለኛ ነጥቦችን መቅረጽ፣ ወይ መድረኩን በሜትር ለክቶ ቦታውን ወደ ማዕዘን የሚቀይር ኮንሶል መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው የእያንዳንዱን መብራት ቦታና የአሰቃቀል ዝንባሌ በትክክል መለካት ግዴታው ነው።

ሌላው እንቆቅልሽ ከመብራቱ እግር ሥር ያለው ቦታ ነው። ጨረሩ በቀጥታ ቁልቁል ሲመለከት ፓን ምንም አያደርግም፤ ጨረሩ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ተዋናዩ ከዚያ ነጥብ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ብሎ በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢያልፍ፣ ፓኑ በሰከንድ 172 ዲግሪ መዞር አለበት፤ ሩብ ሜትር ቢሆን 344። የመብራቱ ከፍታ በዚህ ስሌት ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ከፍ አድርጎ መስቀል አያድንም። የሚያድነው ተዋናዩ የሚመላለስበትን መስመር ከመብራቱ ሥር ማራቅ ነው። የመብራት ዕቅድና የመድረክ እንቅስቃሴ ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መነደፍ አለባቸው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመብራት ባለሙያው የሚጠራው ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው።

በተጨማሪም 540 ዲግሪ ፓን ማለት ለአንድ ቦታ ከአንድ በላይ አድራሻ አለ ማለት ነው። ፓኑን 180 አዙሮ ቲልቱን በተቃራኒው ብናደርገው ጨረሩ ያንኑ ነጥብ ያገኛል፤ በአማካይ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት አድራሻ ይደርሰዋል። አንዱን ትዕይንት በአንደኛው፣ ቀጣዩን በሌላው አድራሻ የቀረጸ ሰው መብራቱ ጥቂት ዲግሪ በመሄድ ፈንታ አዳራሹን ሁሉ ጠርጎ ሲዞር ያያል። በዚያ ላይ አድራሻው ሲገለበጥ በጨረሩ ውስጥ ያለው ጎቦ፣ የመስኮት ይሁን የቅጠል ምስል፣ ራሱ ተዘቅዝቆ ይወርዳል።

ስለ ጨረሩ ጥቂት ልጨምር። ጨረሩን ማጥበብ ሁለት መንገድ አለው፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይደባልቋቸዋል። አይሪስ የብርሃኑን ዳር ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ብርሃን በመሣሪያው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ የቀረውም አይደምቅም። ዙም ግን ያንኑ ብርሃን ይሰበስባል። በ40 ዲግሪ የተከፈተ ጨረር 12 ሜትር ላይ 8.7 ሜትር ስፋት አለው፤ በ10 ዲግሪ 2.1 ሜትር ይሆናል። የወለሉ ስፋት 17 ጊዜ አነሰ፤ ሌንሶቹ ብርሃን ባያባክኑ ኖሮ ድምቀቱም 17 ጊዜ ይጨምር ነበር። ስለዚህ በዙም ያጠበበ ሰው ድምቀቱን ካልቀነሰ ተዋናዩን ያሳውረዋል። ዙሙ ሲነካ ፎከሱም ይበላሻል፤ ሁለቱን ባንድ ትእዛዝ ማስተሳሰር ይገባል። ስለ ቀለም ብዙ አልልም፤ ሦስት የዳይክሮይክ መስታወቶች፣ ሰማያዊ-አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ፣ ከነጩ ብርሃን ላይ የማይፈለገውን እየቀነሱ ቀሪውን ያሳልፋሉ። ባለ ብዙ ቀለም ኤልኢዲ የሚጠቀሙት ደግሞ በመደመር ይሄዳሉ።

አሁን ያልኩት ሁሉ የትም አገር እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሁለት ነገር ይጨመራል።

የመጀመሪያው ከፍታችን ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋ እፍጋት ብቻ አለው። የመብራቱ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያው ነው፤ የሚሸከመው ሙቀት ግን በዚያው መጠን ያንሳል። የብዙ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መመሪያ የ2,000 ሜትር ወሰን የሚጽፈው በከፊል ለዚህ ነው። ማጣሪያው በአቧራና በጭስ ማሽን ዘይት ሲደፈን መሣሪያው ራሱን ለማዳን ድምቀቱን ይቀንሳል፤ ባለሙያው ግን ኮንሶሉ ላይ 100 በመቶ ያያል። ዕቃ ለመግዛት ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ ሁሉ ከፍታውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማጣሪያ ማጽዳትንም በዕለት ሥራ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ነው። የጋዝ አምፖል ያለው መሣሪያ ለአፍታ ቢጠፋ እንኳ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ በሙቀቱ እንደገና አይነሣም። ኤልኢዲው ወዲያው ይነሣል፤ ነገር ግን ሞተሮቹ ዜሯቸውን ለመፈለግ በተመልካች ፊት መላ አዳራሹን ይዞራሉ። ቢያንስ ኮንሶሉን በዩፒኤስ መደገፍ ይቻላል፤ ዋጋው ከአንዱ መብራት እጅግ ያነሰ ነው። በተጨማሪ ሲግናል ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ በብዙ መብራቶች ማውጫ ውስጥ መምረጥ ይቻላል፦ ይጥፋ ወይስ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቆይ? ለትያትር የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ኮንሶሉ ቢወድቅ ተዋናዩ በብርሃን ውስጥ ቃሉን ይጨርሳል።

አንድ ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ ከተማሪዎች ተደጋግሞ ይመጣልና። ይህ ሁሉ ካለ በሰው እጅ የሚንቀሳቀሰው መከታተያ መብራት አያስፈልግም ወይ? እኔ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ቃሉን በየምሽቱ የሚለዋውጥ፣ ከተመልካች ጋር እየተቀላለደ ከምልክቱ የሚወጣ ተዋናይ በተቀረጸ ትእዛዝ አይያዝም፤ መብራቱን የያዘ ሰው ግን የተዋናዩን ትከሻ አይቶ ቀድሞ ይሄዳል። የማሽኑ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ በጨለማ ውስጥ መዘጋጀት። መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ አቅጣጫውን፣ ጎቦውንና ቀለሙን ለቀጣዩ ትዕይንት ያስተካክልና ይጠብቃል፤ ሲከፈት ተመልካቹ ሌላ መብራት የበራ ይመስለዋል። ይህ ካልተሠራለት ጨረሩ በርቶ እየተጎተተ ሲደርስ ይታያል፤ የተመልካቹም ዓይን ከንግግሩ ወደ ጣሪያው ይነጠቃል።

ንግግሬን እዚህ ላቁምና ወደ ማሳያው እንለፍ። ከጣሪያው ላይ ያለው መሣሪያ በመጀመሪያ በአንድ ቻናል፣ ቀጥሎ በሁለት ቻናል፣ ያንኑ 10 ዲግሪ በ20 ሰከንድ ይሄዳል። በግራ ረድፍ የተቀመጣችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን የጨረር ጠርዝ ተመልከቱ፤ ስንት ጊዜ እንደዘለለ ቁጠሩና ከስሌታችን ጋር አስተያዩት።